የቁልቁለቱ መንገድ

ጣርማ በር ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። የግራው የገደሉን ጫፍ ይዞ በመዘዞና በሞላሌ አድርጎ መሀል ሜዳ ይገባል፤ የመንዝ መንገድ ነው። የቀኙ ጣሊያን በወረራው ዘመን በፈለፈለው ዋሻ ውስጥ አልፎ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ይፋት ቆላ ይወርዳል። ጉም ሲወርድ በዚህ በር ላይ ሰው የራሱን እግር አያይም፤ ሾፌሮች በጠራራ ቀን መብራት አብርተው፣ ጡሩምባ እየነፉ ነው ዋሻውን የሚያልፉት።

ከአዲስ አበባ አብረውኝ የመጡት ወጣቶች የሚያውቁት የግራውን ነው። ቅዳሜና እሑድ እየተሰባሰቡ በእግር የሚጓዙ ልጆች ናቸው። እንጦጦን፣ የረርን፣ ዝቋላን፣ ወንጪን አዳርሰው ጓሳ ላይ ደርሰዋል። ጓሳ ጫፍ ላይ ጭላዳዎቹ ሣር ሲነጩ ያያሉ፣ ዕድል ከቀናቸው ቀይ ቀበሮ ያያሉ፣ ከእግራቸው ሥር የተዘረጋውን ቆላ ፎቶ ያነሱና ድንኳናቸውን ነቅለው ይመለሳሉ። ባለፈው አንዷ «ጋሼ፣ ያ ታች የሚታየው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። «ይፋት ነው፤ ሰንበቴ፣ ጀውሃ፣ ሸዋ ሮቢት» አልኳት። «እዚያ ምን አለ?» አለችኝ። መልሱ ጫፍ ላይ ቆሞ የሚነገር ስላልነበረ ነው በዚህኛው ጉዞ በቀኙ መንገድ ይዣቸው የወረድኩት።

ዕድሜዬ በእግር ጉዞ ያለፈ ሰው ነኝ። መንዝ ተወልጄ ትምህርት ቤት የሄድኩት ወንዝ ተሻግሬ ነው። በ1967 ዓ.ም. የእድገት በኅብረት ዘመቻ ከ60,000 የሚበልጡ ተማሪዎችና መምህራን ወደ ገጠር ሲበተኑ ለእኔ የደረሰኝ የጋሞ ደጋ ነበር፤ ከአባያና ከጫሞ በላይ ያሉትን ተራሮች ከመንደር መንደር እየዞርኩ አየኋቸው። በኋላ አስተማሪ ስሆን ክረምቱ አልፎ ትምህርት እስኪከፈት ያለችውን ጊዜ ለእግሬ ሰጠኋት። ስሜንን ዞሬ 4,533 ሜትር ላይ ያለውን ራስ ዳሸን ጫፍ ረግጫለሁ፤ የባሌን ሳነቴ ሜዳ በውርጭ አቋርጫለሁ፤ ከላሊበላ አቡነ ዮሴፍ ወጥቻለሁ፤ ለመስከረም 21 ግሸን ማርያም ከምእመናን ጋር በእግር ደርሻለሁ። ሁሉንም እወዳቸዋለሁ። አሁን ወደ ኋላ ሳስብ ግን ከከፍታዎቹ የቀረልኝ በአብዛኛው መልክዓ ምድር ነው፤ ሰው የቀረልኝ ከቁልቁለቶቹ ነው። ከቁልቁለቶቹም ሁሉ የመጀመሪያው ይህ ነው።

ዋሻውን ከማለፋችን በፊት መኪናውን አስቁሜ ልጆቹን ጉሙ ውስጥ አወረድኳቸው። ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የባዶሊዮ ሠራዊት በመኪና ታጭቆ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ሲገሰግስ፣ የሆለታ ገነት ጦር ትምህርት ቤት ዕጩ መኮንኖች ሊያግዱት የቆሙት እዚሁ በር ላይ ነው። ትምህርታቸውን እንኳ ያልጨረሱ ልጆች ነበሩ። መንገዱን ሰብረው፣ ገደሉን ምሽግ አድርገው ጥቂት ጊዜ ቢያዘገዩት ነው እንጂ ሊያቆሙት አልቻሉም፤ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ተያዘች። እዚህ ቆሞ ቁልቁል ሲያዩ ለምን ይህን ስፍራ እንደመረጡ ማብራሪያ አያስፈልግም። አገሩ ሁሉ ከአንድ ጠባብ በር ሥር ነው።

ደብረ ሲና ስንደርስ የቆሎ ሻጮቹ መኪናውን ከበቡት። ገና ከምጣድ የወጣ ገብስ፣ ሽምብራ፣ ሱፍ፤ በፌስታል፣ በስኒ፣ በእፍኝ። በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው ሁሉ የደብረ ሲናን ቆሎ ሳይገዛ አያልፍም። ልጆቹ ሻንጣ ውስጥ ከውጭ የመጣ፣ በወረቀት የተጠቀለለ ጣፋጭ ነገር አለ፤ ጉልበት ይሰጣል ይባላል። ይስጥ። እኔ ግን በሶና ቆሎ ይዞ ከወጣ ሰው ጋር አብሬ ረሃብ አላየሁም። በሶ ጨው ገብቶበት በውሃ ሲበጠበጥ ይጠጣል፣ ሲታሽ ይበላል፤ አይበላሽም፣ እሳት አይፈልግም። ይህን ስንቅ ያሰበው ሰው ረጅም መንገድ በእግሩ የሄደ ሰው መሆን አለበት።

ከከተማዋ በላይ የወፍ ዋሻ ደን ይታያል፤ ጽዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው። የመናገሻ ሱባን ደን ያስተከለው ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ የጽዱን ዘር ከዚህ እንዳስመጣ ይነገራል። እውነት ከሆነ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ያለው ያ የእግረኞች መናፈሻ የዚህ ገደል ልጅ ነው ማለት ነው። ወጣቶቹ መናገሻን ደጋግመው ሄደውበታል፤ ይህን ስነግራቸው ዘወር ብለው ደኑን በሌላ ዓይን አዩት።

ከአርማኒያ በታች መኪናውን ለቅቀን በአቋራጩ ወረድን። አስፋልቱ በጥምዝምዝ የሚዞረውን የድሮው የእግር መንገድ ቀጥ ብሎ ይቆርጠዋል። እዚህ ላይ ስለ ቁልቁለት የተማርኩትን ልናገር። ወጣት የሚፈራው ዳገትን ነው፤ ትንፋሽ ስለሚያሳጥር። ትንፋሽ ግን አረፍ ሲሉ ይመለሳል። ቁልቁለት የሚሄደው በጉልበትና በቁርጭምጭሚት ላይ ነው፤ የሰውነት ክብደት በእያንዳንዱ እርምጃ እዚያ ያርፋል፣ ጡንቻው እየተሳበ ሸክሙን ይይዛል፣ ሕመሙ የሚሰማው በማግስቱ ነው። በሰባ ዓመቴ ዳገት እወጣለሁ፤ ለመውረድ ግን ከዘራና ጊዜ እፈልጋለሁ። ልጆቹ እየሮጡ ቀደሙኝ፣ እየጠበቁ ተቀመጡ፣ ደግሞም ሮጡ። እኔ በሰያፍ እያጠፍኩ፣ እግሬን እያሰፋሁ፣ አባቴ እንዳሳየኝ ወረድኩ።

አባቴ በዚህ ገደል ገበያ ይወርድ ነበር። አህያው ላይ ገብስና ባቄላ፣ አንዳንዴም እናቴ ሱፉን ፈትላ ሸማኔ የሠራውን ባና ይጭናል፤ ሲመለስ ማሽላ፣ በርበሬ፣ ጥጥ፣ ጨው ያመጣል። ዕድሜዬ ለመንገድ ሲደርስ ይዞኝ መሄድ ጀመረ። ሕጉ አንድ ነበር፦ ቆላ አይታደርም። ገበያው እንዳለቀ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ላይ መነሳት ነው። ካደርክ ንዳድ ይዞህ ትመለሳለህ፤ ወይም አትመለስም። ሰዎቻችን የበረሃው አየር ነው የሚገድለው ይሉ ነበር። ትንኝን የሚያነሳ አልሰማሁም።

ብዙ ቆይቼ ስለ ወባ ሳነብ ያ ሕግ ምን ያህል የተመዘነ እንደነበር ገባኝ። ወባ አስተላላፊዋ ትንኝ የምትነክሰው በአብዛኛው ከመሸ በኋላ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ደግሞ በደህናው ዘመን እምብዛም አትወጣም። ትንኟን ሳያውቁ ሰዓቷንና ከፍታዋን አውቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1958 ወረርሽኙ ከወትሮው ከፍ ብሎ ሲወጣ በኢትዮጵያ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህሉ እንደሞተ ይገመታል። መንደሮቻችን ለምን ራስ ራሱን እንደሰፈሩ፣ የድሮ ሠራዊት ለምን ከፍታውን ይዞ እንደሚሄድ የጠየቀኝ ሰው ካለ መልሴ ከዚህ ይጀምራል። ምኒልክ በ1888 ዓ.ም. ወደ ዐድዋ ሲዘምቱ ሠራዊቱን የቀጠሩት ወረ ኢሉ ደጋ ላይ ነበር፤ ዛሬ መኪና የሚሄድበት የቆላው መስመር ላይ አልነበረም።

ታዲያ ከገበያ ተነስተን መንዝ ሳንደርስ ሲመሽ የት እናድር ነበር? መሀል ገደል ላይ፣ አርጎቦች ዘንድ። ደጋው ሰው ወደ ታች ለማደር ይፈራል፤ የአፋሩ ግመል ወደ ላይ መውጣት አይችልም። አርጎቦች በመካከል፣ ከንዳዱ በላይ ከውርጩ በታች፣ በአምባዎች ጫፍ ላይ ድንጋይ በድንጋይ ክበው ይኖራሉ። እርሻቸው እርከን ነው። ሸማኔ ናቸው፣ ነጋዴ ናቸው፣ የሁለቱንም ወገን ቋንቋና ጠባይ ያውቃሉ። ከአንኮበር ሥር ያለችው አልዩ አምባ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሐረርና የታጁራ ሲራራ የሚራገፍባት ገበያ የሆነችው በዚህ ምክንያት ነው። የእንግሊዙ ሻለቃ ሃሪስ በ1841፣ ፈረንሳዊው ገጣሚ ሬምቦ ጠመንጃ ጭኖ በ1887 (ሁለቱም እ.ኤ.አ.) ከባሕሩ ጠረፍ ተነስተው አንኮበር የደረሱት በዚያ ቀጠና ባለው የሲራራ መስመር ነው። ሃሪስ ስለ መንገዱ ብዙ ገጽ ጽፏል። እኔ የምቆጨው ግመሉን ለነዱት፣ በቅሎውን ለጎተቱት፣ የት ውሃ እንዳለ ለሚያውቁት ሰዎች መጽሐፍ ስላልተጻፈላቸው ነው።

ያ የአርጎቦች ቤት ውስጡ ሞቃት ነበር። አባወራው አባቴን እጁን ይዞ ከመደቡ ላይኛው ጫፍ ያስቀምጠዋል። የማሽላ ቂጣ በወተት ይቀርብልናል። እኛ ክርስቲያን፣ እነሱ እስላም፤ ሥጋ አንጋራም። አንድ ጊዜ ልጁን ድሮ ኖሮ ድግስ ላይ ደረስን። ባለቤቱ ጠቦት አስመጥቶ፣ ቢላውን በእጀታው በኩል ለአባቴ ዘርግቶ «በእናንተው ወግ ይባረክ፤ እንግዳ ጦሙን አያድርም» አለው። አባቴ ባረከ፤ ለብቻችን ተሠራልን፤ ከማዕዳቸው አጠገብ ተቀምጠን በላን። ልዩነቱን ማንም አልሸሸገውም፣ ማንም አላፈረበትም። ቦታ ተሰጠው እንጂ። ከዚያ ወዲህ በመቻቻል ላይ ብዙ ስብሰባ ተቀምጫለሁ፣ ብዙ ንግግር ሰምቻለሁ፤ ያንን የቢላ እጀታ የሚያህል አላየሁም።

ቡና የቀመስኩትም እዚያ ነው። በሸዋ ደጋ ክርስቲያኑ ቡናን የእስላም መጠጥ ነው ብሎ ይሸሽ የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም፤ ልማዱ የላላው በምኒልክ ዘመን ነው። አያቴ እስከ ዕለተ ሞቷ አልቀመሰችም። አባቴ ግን አርጎቦች ቤት ሲገባ አቦሉንም ቶናውንም በረካውንም ጠጥቶ፣ ዱዓው ሲደረግ አንገቱን ደፍቶ ይጠብቅ ነበር። ቤታችን ስንደርስ ለአያቴ አልነገርናትም። ዛሬ መንዝ ውስጥ ያለ ቡና የሚውል ቤት ማግኘት ይቸግራል፤ ቡናው ወደ ደጋ እንዴት እንደወጣ የጻፈ የለም እንጂ የወጣው እንደዚህ ባለ እግር ነው።

ሸዋ ሮቢት ስንገባ ሙቀቱ ፊታችንን መታን። ልጆቹ ሹራባቸውን አወለቁ። የመንገዱ ዳር በሽንኩርት ከረጢት፣ በፓፓያ፣ በብርቱካን ተሞልቷል። የቀወት ገበሬ ማሾ ያመርታል፤ እኔ ልጅ ሳለሁ ስሙን ያልሰማሁት ጥራጥሬ ዛሬ ለውጭ ገበያ የሚሄድ ሆኗል። ምሳ የማሽላ እንጀራ በማሾ ወጥ በላን። መንዝ ላይ ያደገ አፍ የገብስ ቂጣ፣ የባቄላ ሹሮ ነው የሚያውቀው፤ የማሽላው ጣፋጭነት ግን ለእኔ የልጅነቴ ገበያ ነው፣ ስለዚህ ከሁሉም በላይ የበላሁት እኔ ነበርኩ።

ብዙ ተጓዥ ከተማዋን ምሳ በልቶ የሚያልፍባት ማረፊያ አድርጎ ነው የሚያያት። ከዚህ ብዙም ሳይርቅ፣ ከገደሉ ግርጌ ባሉት ኮረብታዎች ላይ ግን የይፋት ሱልጣኔት ከተሞች ፍርስራሽ አለ። ኖራ አለ፣ አስባሪ አለ፤ የመስጊድ ግድግዳ፣ የመቃብር ድንጋይ፣ የቤት መሠረት። የኢትዮጵያና የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ባለፉት አሥርት ዓመታት መርምረዋቸዋል። የወላስማ ሥርወ መንግሥት በ1285 እ.ኤ.አ. ከእርሱ በፊት የነበረውን የሸዋ ሱልጣኔት አሸንፎ ይህን አገር ያዘ፤ ከዘይላ ወደብ እስከዚህ ገደል ያለውን ንግድም ለረጅም ጊዜ ተቆጣጠረ። በ1332 እ.ኤ.አ. ሱልጣን ሰብረዲን ከዐፄ ዓምደ ጽዮን ጋር ተዋጋ። የንጉሡ ዜና መዋዕል እንደሚለው ሱልጣኑ የንጉሡን ከተማ ይዤ ጫት እተክልበታለሁ ብሎ ዝቶ ነበር። ለጫት ታሪክ አጥኚዎች ይህ ከጥንታዊዎቹ ማስረጃዎች አንዱ ነው፤ ለእኔ ግን የገረመኝ ጦርነቱ የተነገረበት ቋንቋ ነው፦ ማን የት ምን ይተክላል። ደጋና ቆላ የተጣሉት በሚበቅለው ነገር ነበር፣ የተፈላለጉትም በዚያው ነው።

ትምህርት ቤት ሳለሁ ይፋት የጦርነት ዝርዝር ውስጥ ያለ ስም ነበር። ግድግዳው ስር ስቆም የታየኝ ግን ድንጋዩ በሌሊት ያደርንባቸው የአርጎቦች ቤቶች ድንጋይ ዓይነት መሆኑ ነው፤ አካካቡም ይመሳሰላል። መንግሥቱ ጠፋ፣ ግንበኛው ግን ከዚህ አልሄደም። ታሪክ የምናስተምር ሰዎች ልጆችን እዚህ አምጥተን ብናሳይ ኖሮ ብዙ ነገር በሌላ መልኩ እንረዳ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ጀውሃ የደረስነው ከሰዓት በኋላ ነው። ከሸዋ ሮቢት ወደ ሰሜን አለፍ ብላ፣ አስፋልቱን ተጣብቃ የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት፤ በስሟ የሚጠራው ወንዝ ከመንዝ ገደል ወርዶ ወደ አዋሽ ተፋሰስ ይሄዳል። ከቡናው ቤት በረንዳ ላይ ሆኖ ወደ ምዕራብ ሲያዩ ገደሉ ሙሉ ለሙሉ ይታያል። ልጆቹ ከላይ ሆነው ፎቶ ያነሱት ያ ጫፍ ከዚህ ሲታይ ግድግዳ ነው፤ ከ2,000 ሜትር በላይ ሽቅብ ቆሟል። ይህ የስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ከንፈር ነው፤ ምድር ተሰንጥቃ ወገቧ የሰመጠበት። ስንጥቁ ዛሬም አላረፈም። በ1953 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ ከዚህ በስተ ሰሜን ያለችውን ማጀቴን አፈረሰ፣ ካራ ቆሬን ክፉኛ ጎዳ፣ አስፋልቱንም ሰነጠቀው። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌና ዶፋን ሲናወጡ ጊዜ ሽማግሌዎቹ ያንን ዘመን አስታወሱ።

በረንዳው ላይ አንድ የአርጎባ ሽማግሌ አጠገባችን ተቀመጡ። ሰላምታው ረዘም አለ፤ ስለ ከብቱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቤተሰቡ። ከዚያ «ከወዴት ነዎት?» አሉኝ።

«ከመንዝ ነኝ።»

«መንዝ ሰፊ ነው። በየት በኩል ይወርዱ ነበር?»

የመንገዱን ስም ነገርኳቸው። ፊታቸው በራ። በልጅነታቸው አባታቸው ባና ለመግዛት በዚያው ዳገት ይዘዋቸው ይወጡ ነበርና፣ ውሃ ያለበትን የሾላ ዛፍ፣ አህያ የሚንሸራተትበትን ድንጋይ፣ ጅብ የሚበዛበትን ጠመዝማዛ እያነሱ ከእኔ ጋር አስተያዩ። ሁለታችን ከሁለት ጫፍ መጥተን አንዱን መንገድ ለየብቻችን በቃላችን ይዘነው ኖረናል። «አሁንስ ይሄዱበታል?» አልኳቸው። «መኪና ከመጣ ወዲህ ሰው ተወው፤ ከብት ነው የሚሄድበት። በቅርቡ ደግሞ…» ብለው እጃቸውን ወደ ሰሜን አነሱ።

ስለዚያ «በቅርቡ» ዝም ብሎ ማለፍ አልችልም። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ ተቃጠለች፤ በጥር 2015 ዓ.ም. ጀውሃ ራሷ የተኩስ ቦታ ሆነች። ከየወገኑ ሰው ሞተ፣ ከየወገኑ ሰው ተፈናቀለ። ቡና የምታፈላልን ሴት ቤቷን ጥላ ደብረ ብርሃን ቆይታ ተመልሳለች። «ሰንበቴ ገበያ ከልጅነቴ ጀምሮ እሑድ እሑድ እሄድ ነበር» አለችን፤ «አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አፋሩ እዚያው ነው የሚውለው። ቅቤ የምገዛት አንዲት የጥሙጋ ሴት ነበረች፤ ልጄን ክርስትና ሳስነሳ ቅቤውን በነጻ ሰጠችኝ። ከግጭቱ ወዲህ ገበያውም ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ተዘጋ፤ እሷን ሁልጊዜ በዓይኔ እፈልጋለሁ፣ አላየኋትም።» ልጆቹ የሚሉት ጠፋቸው። የእግር መንገድ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚቀረው እንደዚህ ያለው ነገር ነው፤ የቅቤ ደንበኛ፣ የማደሪያ ቤት፣ የክርስትና ስጦታ። መንገዱን በመኪና የሚያልፍ ሰው መቅረቱን አያውቅም።

በዚህ መንገድ በረሃብ የሄዱም አሉ። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ይፋትና ጥሙጋ አውራጃን ሲመታው ሰዉ ከደጋውም ከቆላውም እየፈለሰ አንጾኪያ ሸለቆ ወደ ተቋቋመው የምግብ ማደያ ተመመ። እግር ለሽርሽር ከመሆኑ በፊት ለብዙ ሰው የመጨረሻው ተስፋ ነበር። ይህንን ለልጆቹ የነገርኳቸው እንዲያዝኑ አይደለም፤ በዚህ አስፋልት ዳር የሚራመድ ሰው በማን እግር ላይ እግሩን እንደሚያሳርፍ ቢያውቅ ጥሩ ነው ብዬ ነው።

ከመካከላቸው አንዱ ጉዞ ዐድዋን ሄዷል። ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ወጣቶች ከአዲስ አበባ ተነስተው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ በእግራቸው ተጉዘው ለየካቲት 23 ዐድዋ ይደርሳሉ፤ ሰላም በሆነ ጊዜ የሚያልፉት በዚሁ በደሴ መንገድ ነው። እሱም ጀውሃን አልፎባታል። «እግሬ ውሃ ቋጥሮ ስለነበር መንገዱን እንጂ ከተማዋን አላየሁም» አለን፤ አንዲት እናት ግን ሮጠው መጥተው ውሃ እንዳጠጡትና ግንባሩን ስመው እንደመረቁት አልረሳም። እነዚህን ልጆች አከብራቸዋለሁ። እግረኛን ማየት አገሬው ከተወው ቆይቶ ነበር፤ እነሱ ዳግም አሳዩት።

ፀሐይዋ ስታዘነብል ከወንዙ ወዲያ ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ አየን። አንዱ ግመል ይነዳል፣ ሌላው ባዶ እጁን ነው። እጅ ለእጅ ተያይዘው ቆሙና መነጋገር ጀመሩ፤ ግመሎቹ ተበትነው ቁርቁራ ይበላሉ፣ እነሱ ይነጋገራሉ። ልጆቹ ዘመዳሞች መሰሏቸው። ሽማግሌው ዳጉ እንደሆነ ነገሩን። አፋር መንገድ ላይ ከሰው ጋር ሲገናኝ ቆሞ ያየውንና የሰማውን ሁሉ ይነግራል፦ የት ዘነበ፣ የት ሣር አለ፣ ማን ታመመ፣ ምን ዓይነት እንግዳ በየት በኩል አለፈ። ያየውን ከሰማው ለይቶ ነው የሚናገረው፤ የተቀበለውም ለሚቀጥለው ሰው ማድረስ አለበት። የዋሸ ስሙ ይጠፋል። እኛ ደጋ ላይ ሰላምታ እናበዛለን፣ ወሬ ግን እንቆጥባለን፤ እንግዳ ሰው ቢጠይቀን ዞር እንላለን። ዕድሜ ልኬን ስጓዝ ከተማርኳቸው ጨዋነቶች እንደ ዳጉ የምመኘው የለም። «ስለ እኛም ይነግር ይሆን?» አለች ያቺ ጓሳ ላይ የጠየቀችኝ ልጅ። «ነግሮ ጨርሷል» አሏት ሽማግሌው፤ «ዛሬ ማታ ከዚህ እስከ ሰሙ ሮቢ፣ የከተማ ልጆች አንድ ሽማግሌ ይዘው መምጣታቸው ይታወቃል።»

እንዲህ ያለ የድሮ መንገድ ለዛሬ እግረኛም ሊኖር ይችላል። ኔፓል ውስጥ የዓለም እግረኛ የሚጎርፍባቸው አንዳንድ መንገዶች የጨው ነጋዴዎች ከቲቤት የሚወርዱባቸው የሲራራ መስመሮች ናቸው። ማደሪያዎቹ በድሮው ማደሪያ ላይ ነው የተሠሩት። መንገዱ የኖረው ሰው አልፎ ዝም ብሎ ስለማይሄድ ነው፤ ይተኛል፣ ይበላል፣ ይከፍላል፣ ይተዋወቃል። በእኛም ከላሊበላ ዙሪያ መቄት ላይ ገበሬው ራሱ እንግዳ የሚያስተናግድበት ጅምር ሲሠራ አይቻለሁ። የጓሳም ሕዝብ የራሱን ሣር በቀሮ ሥርዓት ለዘመናት ሲጠብቅ ኖሯል። ሣሩ አንዳንዴ ለሦስት፣ ለአምስት ዓመት ተዘግቶ ይቆይ ነበር፤ ሥርዓቱ በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ቢፈርስም ሜዳውን ዛሬም ማኅበረሰቡ ይጠብቀዋል፣ እንግዳም ያስተናግዳል። ታዲያ ጓሳ ላይ የሚያድር እግረኛ ለምን ጫፉ ላይ ያቆማል? ከመንዝ ብርድ እስከ ጀውሃ ሙቀት በሁለት ቀን የሚወርድ፣ መሀሉ ላይ የአርጎቦች ቤት ያለበት መንገድ እያለን? ሰላሙ ሲጸና ይህ መንገድ ቢከፈት ለገበሬው ገቢ፣ ለእግረኛው ትምህርት፣ ለአገሩም ከብዙ ንግግር የተሻለ መተዋወቂያ ይሆናል።

ማታ ልጆቹ ወረቀት አወጡ። ሽማግሌውና እኔ እየተራረምን መንገዱን አስጻፍናቸው። ከላይ አትጀምሩ አልናቸው፤ ከዚህ ከጀውሃ ጀምሩ፣ ቁልቁለቱን ለሽማግሌ ተዉት። ከመስቀል በኋላ፣ ማሽላው ሳይታጨድ ኑ። ጎሕ ሲቀድ ተነሱ፣ ውሃ ከወንዙ አትቅዱ፣ ከሰው ቤት ለምኑ፤ ውሃ የሚለምን እንግዳን ማንም አይፈራውም። ያገኛችሁትን ሰው ሁሉ ቆማችሁ ሰላም በሉ፣ ከየት እንደመጣችሁና ወዴት እንደምትሄዱ እውነቱን ንገሩ። መንደር ስትደርሱ መጀመሪያ ሽማግሌ አስጠርታችሁ ፈቃድ ጠይቁ፤ ዛሬ አይሆንም ካሏችሁ አትከራከሩ፣ ተመለሱ። መሀል ገደል ላይ እደሩ፤ ጫማችሁን ደጃፍ አውልቁ፣ ቡናውን እስከ በረካ ጠጡ። ማደሪያውን ሽማግሌው የእህታቸው ልጅ ቤት አደረጉት። በሁለተኛው ቀን ማታ ብርዱ ስለሚጠና ባና የሚያውሱ የአጎቴን ልጆች ስም እኔ ጻፍኩላቸው። እኔ በጣርማ በር ዞሬ በመኪና መሀል ሜዳ እደርሳለሁ፤ ከዚያ ወደ ጫፉ መጥቼ ልጆቹን የምቀበልበትን ቀን ቆረጥን፤ ሽማግሌውም እስከ ሾላዋ ድረስ እሸኛቸዋለሁ አሉ።